ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት

አንድን የአረጋውያን መጦሪያ ለመገምገም ቀን ላይ መሄድ ብዙም አይጠቅምም። ቀን ግቢው ተጠርጓል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ሰዎቹም በረንዳ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። የቤቱ ጉድ የሚታየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንዲት የ80 ዓመት እናት ሽንታቸው አጣድፏቸው ከአልጋ ሲወርዱ ነው። እግራቸው መሬት ይደርሳል? ጫማቸው የት ነው? እጃቸው ምን ይይዛል? ሽንት ቤቱ በር ወዴት ይከፈታል? አዳማ ውስጥ ሆነ ሌላ ቦታ፣ ስለ አረጋውያን አደጋ ከሚወራው ይልቅ እነዚህ አራት ጥያቄዎች ብዙ ነገር ይናገራሉ።

አንድ ሰው አንዴ ከወደቀ በኋላ የሚወሰደው የተለመደ እርምጃ «ከእንግዲህ እንዳይነሱ» የሚል ነው። ወንበር ላይ እንዲውሉ ይደረጋል፣ አልጋው አጥር ይበጅለታል፣ ሲብስም ወገባቸው በነጠላ ከወንበሩ ጋር ይታሰራል። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ፈርተው ነው። ግን አያዋጣም። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን ከአልጋ ሳይነሱ እንዲቆዩ በተደረገበት ጥናት ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጡንቻ ቀንሰዋል። ወር ሙሉ ወንበር ላይ የዋሉ ሰው ሲነሱ ጉልበታቸው ቢከዳቸው ምን ይገርማል? አጥሩም ቢሆን ሽንቱ የያዘውን ሰው አያስቆምም። በላዩ ተሻግሮ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከ45 ሳንቲ ሜትር ሊሆን የሚችለው አወዳደቅ ከ1 ሜትር ገደማ ይሆናል። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ደግሞ ራሳቸው ወይም አንገታቸው በዘንጎቹ መካከል ሊቀረቀር ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ በዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሳንቲ ሜትር በታች ይሁን ያለው በዚህ መንገድ ሰዎች ታንቀው ስለሞቱ ነው። እኛ አጥሩን ብየዳ ቤት እናሠራና ሜትር ሳንዘረጋበት አልጋው ላይ እንሰቅለዋለን።

ስለዚህ አጥሩን እንተወውና አልጋውን እንየው። ትክክለኛው ከፍታ በካታሎግ የሚገኝ አይደለም፤ የሚተኛበት ሰው እግር ላይ ነው ያለው። ሰውየው ጫማ አድርገው ሲቀመጡ ከተረከዛቸው እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ ይለካል፤ ፍራሹ ተቀምጠውበት ዝቅ ሲል ከዚያ ልክ ጋር እኩል መሆን አለበት። ለብዙ እናቶቻችን ይህ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ችግሩ፣ በልግስና የሚመጣው አዲስ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ አሮጌው የብረት አልጋ ላይ ሲጨመር ከፍታው 60 ይደርሳል። እግር ይንጠለጠላል፤ እማማም እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአልጋውን እግር ብየዳ ቤት ወስዶ ማስቆረጥ፣ ጫፉን በጎማ መሸፈን። ጠርዙ ላይ ሲቀመጡበት የሚሰምጥ ፍራሽ ግን ከፍታው ቢስተካከልም ሰውን ወደ ፊት ይጥላል፤ እሱን መቀየር ብቻ ነው።

አጎበሩም አለ። አዳማ ወባ ያለበት አገር ስለሆነ አጎበር ይሰቀላል፣ መሰቀልም አለበት። ነገር ግን ጫፉ ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ከቀረ በጨለማ እግር የሚጠልፍ ወጥመድ ነው። ከሦስት ጎን ፍራሹ ሥር ይወተፋል፤ መውረጃው በኩል ያለው ጎን ከወለሉ አንድ ጋት ከፍ ብሎ እንዲቀር ተደርጎ ይታጠፋል ወይም ይሰፋል፤ ሰው ሲተኛ እሱንም ፍራሹ ሥር መወተፍ ነው። የትኛው ጎን መውረጃ ነው የሚለው ራሱ ጥያቄ ነው። አንድ እግራቸው በስትሮክ የደከመ ሰው በደህናው ጎናቸው መውረድ አለባቸው። አልጋው ግድግዳ የተጠጋው በደህናው ጎን ከሆነ፣ ማዞር ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

ጫማ ላይ ብዙ አልቆይም። ነጠላ ጫማ ለአረጋዊ አይሆንም፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ቀጭንና የማያንሸራትት ሸራ ጫማ ይሻላል። ካልሲ ብቻ አድርጎ ሴራሚክ ላይ መሄድማ በረዶ ላይ መሄድ ነው። ከዘራም ልክ አለው፦ ሰውየው ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ የከዘራው መያዣ የእጅ አንጓቸው ጋ መድረስ አለበት። ከአባታቸው የወረሱት ረጅም ምርኩዝ ለክብር ያምራል፣ ለድጋፍ ግን ትከሻ ይሰቅላል። ጫፉ ላይ የሚደረገው ጎማ ሲያልቅ ከካላማደሪ ተቆርጦ በሽቦ የሚታሰረው ነገር ይዞራል፤ ክራንች የሚሸጥባቸው ቦታዎች ልከኛውን ጎማ ለብቻው ይሸጣሉ።

አሁን ኮሪደሩ። መያዣ ብረት መግጠም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ አገጣጠሙ ላይ ግን የሚሠራው ስህተት ከአለመግጠም ይብሳል። አዳማ ውስጥ ያለው ግድግዳ በአብዛኛው ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ብረቱ በፕላስቲክ ፊሸርና በብሎን ይያዛል፤ ፊሸሩ የሚነክሰው ግን 3 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ የብሎኬት ግድግዳና ልስን ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ አንድ 70 ኪሎ የሚመዝኑ አባት ሲንገዳገዱ ሙሉ ክብደታቸውን ሲጥሉበት ከነልስኑ ተነቅሎ አብሮ ይወድቃል። ያለ መያዣ ቢሆን ኖሮ ተጠንቅቀው በሄዱ ነበር። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው፦ ብሎኑ ግድግዳውን ዘልቆ በሌላው ወገን በብረት ሳህንና በዳዶ እንዲታሰር ማድረግ፣ ወይም መያዣው የሚያርፍባቸውን ብሎኬቶች ሰብሮ በኮንክሪት ሞልቶ ብረቱን እዚያ ውስጥ መቅበር። የብረቱ ውፍረት በእጅ የሚጨበጥ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሁን፤ ከግድግዳው የሚርቀውም 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከሰፋ ክንድ ገብቶ ይሰበርበታል። ከወለሉ ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር፤ ለጎበጡ ሰዎች ዝቅ ያለው ይሻላል። ሲያልቅ ከሠራተኞቹ ወፍራሙ ሰው ይንጠልጠልበት። ሰራተኛው ከሳቀ ምንም አይደለም፣ ብረቱ ግን መነቃነቅ የለበትም።

ሽንት ቤት ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነውና። ብዙ ቤት አሁንም ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው እዚያ ላይ ሲወርድ ሊወድቅ ይችላል፣ ወርዶም መነሳት ያቅተዋል። ታዲያ የሚገኘው መላ የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን በመጋዝ ቆርጦ ማስቀመጥ ነው። ይህ ወንበር መቀመጫው ሙሉ ሆኖ እንዲሸከም የተሠራ ስለሆነ መሐሉ ሲቆረጥ እግሮቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ደግሞ አንድ እግር ብቻ ሲንሸራተት በቂ ነው። በዚያው ብር ገደማ ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ የሚሠራ ወንበር ይሻላል። የመቀመጫው ከፍታ 43 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለት የክንድ ማረፊያ፣ መደገፊያ፣ እግሮቹ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ ያሉ፣ ጫፋቸው ላይ ጎማ። ሁለት ነገር ደግሞ ይረሳል። አንደኛ፣ የብየዳው እሾህ በሞረድ ካልተላገ የሽማግሌ ቆዳ እንደ ወረቀት ይቀደዳል፤ ቁስሉም በቀላሉ አይድንም። ሁለተኛ፣ ወንበሩ ከመሠራቱ በፊት የጉድጓዱ ሳህን ስፋት ይለካ፤ እግሮቹ ሳህኑ ላይ ባለው የእግር መርገጫ ጉብታ ላይ ካረፉ ወንበሩ ሁልጊዜ ይወላገዳል። ከሳህኑ ውጭ፣ ደልዳላው ወለል ላይ ነው ማረፍ ያለባቸው።

በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን በገላው ይዘጋዋልና ወደ ውስጥ የሚገፋ በር ሰው እስኪጎዳ ድረስ አይከፈትም። መቀርቀሪያው ከውጭ በሳንቲም የሚዞር ቢሆን ክብራቸውም ይጠበቃል፣ አደጋ ሲመጣም መጥረቢያ አይፈለግም። መግቢያው ላይ ያለችው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ደፍ፣ ውሃ እንዳይወጣ ተብላ የተሠራችው፣ ከትልቅ ደረጃ ይልቅ ትጠልፋለች፤ ምክንያቱም አትታይም። ቢቻል ትነሳ፤ ካልተቻለ በቢጫ ቀለም ትቀባ። ሞራ የጋረደው ዓይን ነጭ ሴራሚክ ላይ ነጭ ደፍ አያይም።

ሙስሊም አባቶችና እናቶች ውዱዕ ሲያደርጉ እግራቸውን ወደ እጅ መታጠቢያው ሰቅለው ያጥባሉ። በአንድ እግር፣ እርጥብ ወለል ላይ፣ በቀን አምስት ጊዜ። ዝቅ ያለ ቧንቧና ከፊቱ የማይነቃነቅ የሲሚንቶ መቀመጫ መሥራት ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ መስጊዶች ይህን ከጥንት ያውቁታል፣ መጦሪያ ሲሠራ ግን ይዘነጋል። ሻወር ቤት ሲታጠቡም እንዲሁ ተቀምጠው ይሁን። ውሃው በባልዲ የሚቀላቀል ከሆነ ቀዝቃዛው ይቅደም፣ ፍሉ ይከተል፤ በክርን ተሞክሮ ነው ገላ ላይ የሚደርሰው። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳን ይልጣል። ስኳር ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ስለሚደነዝዝ «ደህና ነው» ቢሉም አይታመኑም፤ የሚሞክረው ሌላ ሰው መሆን አለበት። በዚያው ምክንያት የፈላ ውሃ የሞላ ጠርሙስ እግራቸው ሥር አይደረግም።

ወለል ሲወለወል ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ብዙ ቦታ የሚወለወለው ማለዳ፣ ልክ ሁሉም ወደ ሽንት ቤትና ወደ ቁርስ በሚሄድበት ሰዓት ነው። ከቁርስ በኋላ፣ ሁሉም በረንዳ ወይም ሳሎን ሲሆን ይሁን፤ ኮሪደሩም በግማሽ ይወልወል፣ አንዱ ወገን እስኪደርቅ ሌላው መሄጃ እንዲሆን። ኦሞ በብዛት ተደርጎ በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ የደረቀው ወለል ራሱ ያንሸራትታል፤ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። ሊሾ ከሴራሚክ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ በሽቦ ብሩሽ ሸካራ ማድረግ ይቻላልና፤ ለጎብኚ ግን አያበራም። እርጥበቱን እንዲመጥ ተብሎ በር ላይ የሚነጠፈው ጆንያም ይነሳ፤ ጫፉ እየታጠፈ እግር ያስራል። በበዓል ቀን ደግሞ ቄጤማ አለ። ቄጤማ ያልተጎዘጎዘበት ፋሲካ ማን ይወዳል? ረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ይጎዝጎዝ፤ መተላለፊያ ላይ አይበተን፣ ቡናው ሲያበቃም ይጠረግ።

ቡና ከተነሣ ከሰል ይከተላል። ሰው የሚፈራው ጭሱን ነው፤ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ «አሁን ደህና ነው» ተብሎ ማንደጃው ወደ ቤት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የቀላ ፍም በደንብ ያወጣዋል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደዋል። አረጋዊ ላይ እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ «እርጅና ነው»፣ «ግፊታቸው ነው» ተብሎ ይታለፋል። በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ላይ ራሴን አመመኝ ካለ፣ መጀመሪያ መስኮትና በር ይከፈት፣ ማንደጃው ይውጣ፣ ሰዎቹም ወደ ውጭ ይውጡ፤ ግፊት የሚለካው ከዚያ በኋላ ነው። አዳማ ሞቃት ስለሆነች ከሰል ለሙቀት አይገባም ይባል ይሆናል። በክረምት ዝናብ ሌሊት ግን ይገባል፤ በዝናብ ደግሞ መስኮቱ ዝግ ነው። ማንደጃ የሚነደው በረንዳ ላይ፣ ሰው ከሚያልፍበት ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ፣ ከበርጩማ በማያንስ ከፍታ ላይ ቢሆን የቀሚስና የነጠላ ጫፍ አይደርስበትም።

ስለ እሳት ሲነሳ ሁሉም የእሳት ማጥፊያውን ይጠቁማል፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየወሩ ማየት ነው፣ ሌላ ብዙ የሚባል የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ጧፉ ነው። እማማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ጧፍ አብርተው ውዳሴያቸውን ይደግማሉ፤ አጠገባቸው ስፖንጅ ፍራሽ፣ ጋቢና አጎበር አለ። ስፖንጅ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ከእሳቱ በፊት ይገድላል። መከልከል አይሠራም፤ ተደብቀው ያበሩታል። ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ሥዕለ አድኅኖ ያለበት አንድ ጥግ ይዘጋጅ፣ አሸዋ የተሞላ ሰፊ የብረት ሣህን ይቀመጥ፣ ሌሊት ጠባቂው አብሯቸው ይሁን። የመስኮት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ካልሆነ ደግሞ በእሳት ጊዜ መውጫ አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ከአልጋ የማይነሱ ሰው በብርድ ልብስ ተጎትተው ይወጣሉ፤ ብርድ ልብሱ ሥራቸው ገብቶ፣ ራሳቸው ወደሚጎትተው ሰው ሆኖ፣ በወለሉ ላይ። አንድ ጠንካራ ሰው ይበቃል። ሠራተኞቹ በወር አንዴ ይለማመዱት፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ።

ምጣድ የሚሰካበትን ቦታ በእጅ መንካት ጥሩ ልማድ ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይጎትታል፤ ያ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ሻወር ቤት ውስጥ ማሞቂያ ካለ ደግሞ ግራውንድ መያዙና በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ መግባቱ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይረጋገጥ።

አዳማ የነፋስ ከተማ ናት፤ ኮረብታዎቹ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ውስጥ ግን ነፋሱ በር ያላትማል። ሲሄዱ የበር መቃን ይዘው የሚያርፉ ሰዎች ጣታቸው እዚያ ነው። ክፍት የሚሆነው በር ሁሉ ከግድግዳ ጋር በመንጠቆ ይያዝ። አቧራውም ቀን ቀን ኮሪደር ላይ ይከማቻል፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ መጥረግ ግድ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ደግሞ ሌላ ነው፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆናል። አረጋዊ ሰው ውሃ ጥሙ ይደክማልና ሲጠማው ይጠጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የሽንት ቤቱን መንገድ የሚፈሩ ሰዎችም ሆን ብለው አይጠጡም። ሰውነታቸው ይደርቃል፣ ግፊታቸው ይወርዳል፣ ሲነሱ ይወድቃሉ። በየምግቡና በመሐል ብርጭቆ ብርጭቆ መስጠት፣ የልብና የኩላሊት ሕመምተኞችን ልክ ሐኪማቸውን መጠየቅ ነው።

ውሃን ካነሳን ስለ ወንጂ መናገር አለብኝ። አዳማ መጦሪያ ውስጥ ከሚገኙት አባቶች መካከል ዕድሜያቸውን በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ያሳለፉ አሉ። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ከዓለም ጤና ድርጅት ልክ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ አብዝቶ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ስላሉ ለዓመታት የጠጡት ሰዎች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውም ተጎድቷል። አከርካሪና አንገት ይገተራል። እንዲህ ያለ ሰው እግሩ ሥር ያለውን ደረጃ ጎንበስ ብሎ ማየት አይችልም፤ «ያዩታል» ተብሎ መተው የለበትም። ከአልጋ ሲነሱም አንገታቸውን ደግፎ መሳብ አደገኛ ነው። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ መላ ሰውነታቸው እንደ አንድ ግንድ በጎን ዞሮ፣ እግራቸው ወርዶ ነው የሚቀመጡት። ውሃ ማፍላትም ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ይበዛል።

ውሃ ሲጠፋ የሚጠራቀምበት በርሜልም ክዳን ይፈልጋል፣ ለሁለት ነገር። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች የተዛመተችው ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ ከረግረግ ይልቅ በሮቶና በበርሜል ውሃ ትራባለች፤ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የነበረው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። በርሜሉ በሳምንት አንዴ ተደፍቶ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። ሁለተኛው፣ ግራ የገባቸው ሰው ሌሊት የመሬት ውስጥ ታንከር ክፍት ካገኙ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም፤ ቁልፍ ይደረግበት።

በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ ፈጽሞ ይቁም። ዓይናቸው የደከመ፣ ውሃ የጠማቸው ሰው የሚያነሱት ያንን ነው። ከጠጡት እንዲያስመልሱ አይደረግ፤ ሲመለስ ጉሮሮን ዳግም ያቃጥላል። አፋቸው ይታጠብ፣ ጠርሙሱ ይያዝ፣ ወደ ሐኪም ይኬድ። በረኪና ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላልና ሁለቱ በአንድ ቀን አንድ ቦታ አይፈሰሱ።

አሁን ደግሞ ከወለልና ከግድግዳ ውጭ ወዳለው እንሂድ፤ ኪኒኑ። ላዚክስን የመሰለ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ማታ ከተሰጠ ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት ይመላለሳሉ። ጠዋት፣ ሁለተኛ ካለም ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ እንዲሆን ሐኪሙን መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ደግሞ ለ5 ደቂቃ ተኝተው፣ ከዚያ ቆመው በ1 እና በ3 ደቂቃ ግፊታቸው ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲቆሙ ደም ወደ ራስ በበቂ አይደርስም፤ መድኃኒቱ መታየት አለበት። እስከዚያው አልጋ ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ቁርጭምጭሚታቸውን አንቀሳቅሰው ይነሱ። በዐቢይ ጾም ስግደት ላይ የሚወድቁ እናቶች ብዙ ጊዜ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ጾሙ ራሱም አለ። ለስኳር ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰው እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ ጾመው መድኃኒቱን ግን ጠዋት ከዋጡ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዘባርቃሉ፣ ይወድቃሉ። «አትጹሙ» የሚለውን ከሠራተኛ አይሰሙም። ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ሲሰሙት ግን ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙና የሃይማኖት አባቱ ይጠየቁ። ደብቀው የሚጾሙ ካሉ ቢያንስ መድኃኒት የሚያድለው ሰው «በልተዋል?» ሳይል ኪኒኑን አይስጥ።

ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ስትሮክ ለመታው ጉሮሮ ግን አደጋ ነው። ጎብኚ በበዓል ቀን መጥቶ፣ ከትራስ ላይ ለተጋደሙ አባት ዶሮ ወጥ በትልቁ ያጎርሳል። ሲዋጥ ወደ ሳንባ የገባው ምግብ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሳንባ ምች ሆኖ ይመጣል፣ ማንም ከጉርሻው ጋር አያያይዘውም። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ያዘንብል፣ በሻይ ማንኪያ ልክ ይጉረሱ፣ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይከተል፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይጋደሙ። ቆሎና ደረቅ በሶ ለእነሱ አይሰጥም። ይህን ለጎብኚ በር ላይ መንገር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

በር ከተባለ፣ ከግቢ የሚወጡት የመርሳት ሕመምተኞች በአብዛኛው የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ወደ ድሮ ቤታቸው፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ዘበኛው ያንን ቢያውቅ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ያውቃል። መጀመሪያ ግን ግቢው ውስጥ፣ ሽንት ቤት፣ መጋዘን፣ ታንከር አካባቢ። ከዚያ ባጃጅ የሚበዛበት መንገድ። ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ልብሳቸው ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሰፋ፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ያወልቁታል።

የመሬት መንቀጥቀጡን በአጭሩ፦ ከ2017 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ በፈንታሌ በኩል የተደጋገመው ንዝረት አዳማም ተሰምቷል። ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥን ከግድግዳ ጋር ይታሰር፣ ከአልጋ ራስጌ በላይ ከባድ ነገር አይሰቀል። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው ጎማው ተቆልፎ ራሱን በክንዱ ይሸፍን፤ የተኛ ሰው እዚያው ሆኖ ትራስ ራሱ ላይ ያድርግ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰው ይወድቃል። ያን ጊዜ በብብት ይዞ ብድግ ማድረግ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ይጠየቁ፣ ይታዩ። አንዱ እግር ከሌላው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ነው ብሎ መጠርጠር ነው፤ እግሩ እንዳለ በትራስ ይደገፍ፣ አምቡላንስ ይጠራ። የቀይ መስቀሉ ቁጥር 907 ነው። ወጌሻ አይጠራ። ወጌሻ ለወለምታ ይሆን ይሆናል፤ የተሰበረን ዳሌ ሲያሽ ግን አጥንቱ ይበልጥ ይለያያል፣ ቀዶ ሕክምናውም ይዘገያል፤ ከሁለት ቀን በላይ ባይዘገይ ነው የሚመረጠው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰው ራሳቸውን ከመቱ ደህና ቢመስሉም ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ ደሙ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው።

ከዚያ መዝገቡ ይከፈታል። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ምን ጫማ እንዳደረጉ፣ መብራት ነበር አልነበረም፣ የመጨረሻው መድኃኒት መቼ እንደተሰጠ፣ እና ከሁሉ የሚበልጠው ዓምድ፦ ወዴት እየሄዱ ነበር? በሦስት ወር ውስጥ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሁልጊዜ የሚወድቁ ካሉ፣ ሌሊት ጠባቂዋ በ7 ሰዓት ተኩል ቀስቅሳ ሽንት ቤት ትውሰዳቸው። ሰው በወደቀ ቁጥር የተረኛዋ ደመወዝ የሚቆረጥበት ቤት ግን መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሰው ስላልወደቀ ሳይሆን ማንም ስለማይጽፍ።

የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዝዟል። አዲስ የሚሠራ መጦሪያ ይህን ከዲዛይኑ ይጀምር። መወጣጫው ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎችን ለመተካት 5 ሜትር ከ40 ማለት ነው። 2 ሜትር ላይ የሚጨርሱት መወጣጫ ተሽከርካሪ ወንበር አያወጣም፣ ይገለብጣል እንጂ።

አሮጌ ቤት ውስጥ ላለ፣ ገንዘቡም ትንሽ ለሆነ፣ ቅደም ተከተሉ በእኔ ግምት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት መብራት ሲጠፋም የሚበሩ፣ ዝቅ ብለው የሚገጠሙ ባለ ባትሪ ወይም የፀሐይ መብራቶች። ቀጥሎ የሽንት ቤቱ ወንበር። ከዚያ በትክክል የታሰረ መያዣ ብረት፣ ከዚያ የሁሉም ሰው ጫማ። ለጋሽ መጥቶ ካሜራ ልግጠምላችሁ ቢል ይመስገን፤ እነዚህ አራቱ ካለቁ በኋላ ይገጠም።